ሳሙራይ ጌታ ሲሞት ወራሹን ማን ይመርጥ ነበር?

ጥያቄ፦ «የጃፓን ሳሙራይ ጌቶች ብዙ ዕቁባትና ብዙ ልጆች እንደነበሯቸው አነባለሁ። ታዲያ ጌታው ሲሞት የሚወርሰው ማን ነበር? የበኩር ልጅ ነው እንዳልል ታናሽና ታላቅ ሲገዳደሉ አያለሁ። የአብራኩ ክፋይ ነው እንዳልል ከሌላ ቤት የመጣ የማደጎ ልጅ ግዛቱን ሲረከብ አያለሁ። ሕግ አልነበራቸውም? ወይስ ሕጉን የሚያከብር ጠፍቶ ነው?»

ምላሽ፦

ሕግስ ነበራቸው። ግራ ያጋባዎት «የሳሙራይ ዘመን» ብለን በአንድ ስም የምንጠቀልለው ጊዜ ርዝመት ይመስለኛል። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 1868 ድረስ ወደ ሰባት መቶ ዓመት ይጠጋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የውርስ ደንቡ ደጋግሞ ተገለባብጧል። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በጃፓን ስሞች ደግሞ የቤቱ ስም ይቀድማል፣ የሰውየው ስም ይከተላል።)

ሌላው ነገር ጥያቄውን የምናነሳበት መንገድ ነው። እኛ ውርስ ሲባል አባትና ልጅ ይታዩናል። በእነርሱ ዘንድ የሚወረሰው ቤቱ ነበር፦ ስሙ፣ ዓርማው፣ የአያቶቹ መቃብር፣ ግዛቱ፣ እንዲሁም ከጌታው ጎተራ ሩዝ እየተሰፈረላቸው የሚያድሩት በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ሎሌዎች። ጌታው የዚህ ሁሉ ተረኛ ጠባቂ ነው። እኔ ስመረምረው የቆየሁት የእነዚህን ቤቶች ታሪክ ነውና ያለኝን አስተያየት አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ወራሹ ማን እንደሚሆን በመጨረሻ የሚወስኑት ቤቱ ቢፈርስ እንጀራቸው የሚቋረጥባቸው ሰዎች ነበሩ። አባት ይመርጣል፣ ሾጉኑ፣ ማለትም የአገሪቱ የጦር ገዢ፣ ያጸድቃል፤ ሎሌዎቹ ያልተቀበሉት ወራሽ ግን አይረጋም።

መነሻው ላይ ርስት ይከፋፈል ነበር። በካማኩራ ዘመን፣ ማለትም በመጀመሪያው የሾጉኖች መንግሥት ጊዜ፣ የአንድ ጦረኛ መሬት ለወንዶችም ለሴቶችም ልጆቹ ይደለደላል። በ1232 የወጣው ባለ 51 አንቀጽ ሕግ ልጅ ያልወለደች ሴት የማደጎ ልጅ ይዛ መሬቷን እንድታወርስ ፈቅዷል። የወላጅ ሥልጣንም ሰፊ ነበር፤ ለአንዱ ልጁ የሰጠውን፣ መንግሥት በጽሑፍ ያጸናለትን ርስት እንኳ ቅር ሲሰኝ ነጥቆ ለሌላው ማዞር ይችላል። ክፋቱ መሬት አይወልድም። በሦስትና በአራት ትውልድ ድርሻው ፈረስና ጥሩር የማያስገዛ ቁራጭ ሆነ። በ1274 እና በ1281 የመጡት ሞንጎሎች ተመትተው ሲመለሱ ደግሞ ለዘመተው ሁሉ የሚታደል የተማረከ መሬት አልነበረም። ስለዚህ ቤቶቹ ቀስ በቀስ ሁሉንም ለአንድ ወራሽ ማስረከብ ጀመሩ። ለሴት ልጅ በሕይወት እስካለች ድረስ ብቻ የምትበላው፣ ስትሞት ወደ ዋናው ቤት የሚመለስ መሬት ይሰጣት ነበር፤ ኋላ እርሱም ቀረ። ታናናሽ ወንድሞች የታላቃቸው ሎሌዎች ሆኑ።

እርስዎ ያነበቧቸው የወንድማማች ግድያዎች የበዙት ከዚህ ወዲህ ነው። ድርሻ እያለ ወንድማማች ቢጣላ በድንበር ነው፤ ሁሉም ለአንዱ ሲሆን ግን ለቀሪው የሚተርፈው ሎሌነት ወይም ምንኩስና ነው።

ያ አንዱ ማን ይሁን ለሚለው ጥርት ያለ ደንብ አልነበረም። ታላቅነት ይቆጠራል፣ የእናት ማዕረግ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የጦር ጌታ ኦዳ ኖቡናጋን እንውሰድ። ኖቡሂሮ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ከዕቁባት ስለተወለደ ከወራሽነት ውጭ ሆነ። ፀቡ የመጣው ከአንድ እናት ከተወለደው ታናሹ ከኖቡዩኪ ጋር ነው። ኖቡናጋ በወጣትነቱ ያልተገራ፣ ለወግና ለሥርዓት ደንታ የሌለው ነበር ይባላል፤ ከአባቱ ሎሌዎች መካከል ሃያሺ ሂዴሳዳና ሺባታ ካትሱዬ ቤቱ በዚህ ሰው እጅ ይጠፋል ብለው ታናሹን ደገፉ። በ1556 ጦር ተማዘዙ፤ ኖቡናጋ አሸነፈ፤ እናታቸው አማልዳ ታናሹ ምሕረት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ኖቡዩኪ ዳግመኛ ሲዶልት ወሬውን ለኖቡናጋ ያደረሰው ያው ሺባታ ካትሱዬ ነበር። ኖቡናጋ ታምሜያለሁ ብሎ በኪዮሱ ግንብ ተኛ፤ ሊጠይቀው የመጣውን ወንድሙንም እዚያው አስገደለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ይበሉ። ካትሱዬ ያለፈው ተረስቶለት ከኖቡናጋ ታላላቅ የጦር አለቆች አንዱ ሆነ። የሟቹ ሕፃን ልጅም ሳይነካ አድጎ አጎቱን አገለገለ። የተወገደው ተፎካካሪ ሆኖ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሎሌዎቹ ለቤቱ ያስፈልጋሉ፣ የወንድም ልጅም ያስፈልጋል።

ሎሌዎች ሁለት ቦታ ሲከፈሉ ምን እንደሚመጣ ያሳየው ከ1467 እስከ 1477 የተካሄደው የኦኒን ጦርነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚተረከው የሾጉኑ ቤት ታሪክ ነው፦ አሺካጋ ዮሺማሳ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በ1464 መነኩሴ ወንድሙን ዮሺሚን ከገዳም አስወጥቶ ወራሹ አደረገው፤ በዓመቱ ሚስቱ ሂኖ ቶሚኮ ወንድ ወለደች። ይህ እውነት ነው፤ እሳቱን የለኮሰው ግን የሃታኬያማ ቤት ነበር። የቤቱ ጌታ ሞቺኩኒ መጀመሪያ ወንድሙን ወራሽ አደረገ፤ ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረና ከዕቁባት የወለደውን ዮሺናሪን ተካ። ከሎሌዎቹ ከፊሉ አንቀበልም ብለው የወንድሙን ልጆች ያዙ። አንደኛው ሲሞት ሌላኛውን፣ ማሳናጋን፣ አቆሙ። የቀድሞው ስጦታም የአሁኑ ስጦታም ከአንድ ጌታ አፍ ስለወጣ ሁለቱም ወገን ሕጋዊ ነኝ ይላል። በ1467 መጀመሪያ ማሳናጋና ዮሺናሪ ኪዮቶ ውስጥ በአንድ መቅደስ ቅጥር ተጋጠሙ፤ ተመሳሳይ ፀብ የነበረባቸው ቤቶች፣ የሾጉኑ ቤት ጭምር፣ በዚህና በዚያ ተሰለፉ። ዐሥር ዓመት ተዋግተው የኪዮቶን አብዛኛውን ክፍል አመድ አደረጉት።

ከዚህ በኋላ ባለው የመቶ ዓመት ሽብር ማደጎ የጦር መሣሪያ ሆነ። ማደጎ ሲባል ወላጅ ያጣ ሕፃን ማሳደግ ብቻ እንዳይመስልዎት። የምዕራቡ ጌታ ሞሪ ሞቶናሪ ሁለተኛ ልጁን ለኪካዋ ቤት፣ ሦስተኛውን ለኮባያካዋ ቤት በማደጎ ሰጠ። የኪካዋ ቤት የቀድሞ ጌታ ተገዶ ሥልጣን ለቀቀ፤ በ1550 ተገደለ። ሁለቱ ቤቶች ስማቸውንና ሎሌዎቻቸውን እንደያዙ የሞሪ ክንዶች ሆኑ። በ1557 ሞቶናሪ ለሦስቱ ልጆቹ የጻፈው ረጅም የአንድነት ምክር ዛሬም አለ። አንዷ ቀስት ትሰበራለች፣ ሦስቱ አይሰበሩም የሚለው ታዋቂ ታሪክ ግን ኋላ የተጨመረ ተረት ነው፤ እውነተኛው ደብዳቤ ከተረቱ ይልቅ የሚጨነቅ አባት ይታይበታል።

ሴት ልጅም ሙሉ በሙሉ ከመዝገብ አልወጣችም። በኪዩሹ ደሴት ታቺባና ዶሴትሱ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በ1575 የቤቱን መሪነት ገና ሕፃን ለነበረችው ለልጁ ለጊንቺዮ አስረከበ። በ1581 ሙኔሺጌ የሚባል የአባቷን ባልንጀራ ልጅ አገባችና እርሱ የታቺባናን ስም ይዞ ጌታ ሆነ። ልጁን አግብቶ ስሙን የሚወስድ እንዲህ ያለ አማች በጃፓን ከጌታ እስከ ነጋዴ የተለመደ ነበር።

አሁን አንድ ቤት ይዤ ልቆይ። የኡዌሱጊን ቤት ታሪክ የተከተለ ሰው ስለ ጃፓን ውርስ የሚቀረው ጥቂት ነው።

ዝነኛው የጦር ጌታ ኡዌሱጊ ኬንሺን ሲወለድ ኡዌሱጊ አልነበረም፤ ናጋኦ ካጌቶራ ይባል ነበር። በ1548 የናጋኦን ቤት የተረከበው ከታላቅ ወንድሙ ነው፤ የቤቱ ሰዎች ታላቅየውን ደካማ ነው ብለው ወደ ታናሹ ስላዘነበሉ ታላቅየው ታናሹን እንደ ልጅ ተቀብሎ ገለል አለ። ወንድም የወንድሙ ልጅ ሆኖ ወረሰ ማለት ነው። በ1561 ደግሞ ግዛቱን አጥቶ እርሱ ዘንድ የተጠጋው ኡዌሱጊ ኖሪማሳ የጥንቱን የኡዌሱጊ ስምና የምሥራቁን ክፍል የእንደራሴነት ማዕረግ በማደጎ አስረከበው። ጥንት የኡዌሱጊ ሎሌ የነበረ ቤት ልጅ በዚህ መንገድ ራሱ ኡዌሱጊ ሆነ።

ኬንሺን አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። ለውርሱ የተፎካከሩ ሁለት የማደጎ ልጆች ግን ነበሩት። አንደኛው የእህቱ ልጅ ካጌካትሱ ነው። ሁለተኛው የቀድሞ ጠላቱ የሆጆ ኡጂያሱ ልጅ ነው፤ በ1570 ለሰላም ስምምነት መያዣ ተብሎ መጣ፤ ኬንሺን ስለወደደው የገዛ ራሱን የድሮ ስም፣ ካጌቶራን፣ ሰጠው፤ የካጌካትሱን እህትም ዳረለት። በ1578 ሚያዝያ ኬንሺን በግንቡ ውስጥ ድንገት ወደቀ፤ ሳይናገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ።

ካጌካትሱ ፈጠነ። የካሱጋያማን ግንብ ዋና ምሽግና በውስጡ ያለውን የወርቅና የመሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ። ካጌቶራ ከግንቡ ወጥቶ ሽማግሌው ኖሪማሳ ወደሚኖርበት አዳራሽ ገባ፤ የቤቱ ሎሌዎችም ለሁለት ተከፈሉ። በየትኛው ወገን እንደቆሙ ብታዩ ከሟቹ ፈቃድ ይልቅ የየራሳቸው የመሬትና የጎረቤት ፀብ ይመራቸው ነበር። በ1579 ኖሪማሳ ሊያስታርቅ የካጌቶራን ሕፃን ልጅ ይዞ ሲሄድ በመንገድ ላይ ሁለቱም ተገደሉ። ካጌቶራም በተጠጋበት ግንብ ተከዳና ራሱን ገደለ። አሸናፊው የእህት ልጅ ሆነ፤ የኬንሺን የሥጋ ዝምድናው ረዳው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ግምጃ ቤቱ ይበልጥ የረዳው ይመስለኛል።

ካጌካትሱ ያተረፈው ቤት በ1598 ወደ አይዙ ተዛውሮ 1,200,000 ኮኩ ያዘ። ኮኩ የሩዝ መስፈሪያ ነው፤ 180 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ተደርጎ ይታሰባል፤ የጌታ ትልቅነት የሚለካው በእርሱ ነበር። በ1600 ኋላ ሾጉን ከሆነው ከቶኩጋዋ ኢዬያሱ በተቃራኒ በመሰለፉ በዓመቱ ወደ ዮኔዛዋ ተወስዶ ወደ 300,000 ኮኩ ወረደ። እንደዚያም ሆኖ ሎሌዎቹን አብዝቶ አላሰናበተም። ይህ ኋላ ዋጋ አስከፍሏል፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ወደ አገሪቱ ገዢዎች ዞር ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሁለት ሰዎች የውርስ ታሪክ ቀሪውን ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት ቀርጾታል። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሕፃን ልጁ ሲሞትበት በ1591 የእህቱን ልጅ ሂዴትሱጉን ወራሹ አደረገና ከፍተኛውን ማዕረግ አስረከበው። በ1593 ሂዴዮሪ ተወለደለት። በ1595 ሂዴትሱጉ በኮያ ተራራ ራሱን እንዲገድል ታዘዘ፤ ሚስቱ፣ ዕቁባቶቹና ልጆቹ፣ ከሠላሳ የሚበልጡ ሴቶችና ሕፃናት፣ ኪዮቶ ውስጥ በወንዝ ዳር ተሰየፉ። በ1598 ሂዴዮሺ ሲሞት ከአምስት ዓመት ልጁ በቀር ለአካለ መጠን የደረሰ ዘመድ አልቀረውም። ጨካኝ ነው የሚሉት አሉ፤ ለእኔ ከጭካኔው የሚበልጠው ሞኝነቱ ነው፦ የልጁን ሞግዚት ሊሆን የሚችለውን ብቸኛ ሰው ገድሎ ሕፃኑን ለተቀናቃኞቹ አደራ ሰጠ። በ1615 የቶዮቶሚ ቤት ኦሳካ ላይ ከእነግንቡ ተቃጠለ።

ያቃጠለው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ይህን ከቅርብ ሆኖ አይቷል። እርሱ በ1603 ሾጉን ሆኖ በ1605 ማዕረጉን በሕይወት እያለ ለልጁ ለሂዴታዳ ለቀቀ፤ ሱንፑ ከሚባለው ግንቡ ሆኖም እስከ 1616 ሞቱ ድረስ አገር ገዛ። ማዕረጉ ከቤቱ እንደማይወጣ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረም። ሂዴታዳና ሚስቱ ደግሞ ታላቁን ኢዬሚትሱን ትተው ታናሹን ታዳናጋን ሲያቀርቡ፣ እንደሚተረከው የኢዬሚትሱ ሞግዚት፣ ኋላ ካሱጋ የተባለችው፣ ሱንፑ ድረስ ሄዳ ለሽማግሌው አቤት አለች፤ ኢዬያሱም የታላቁን ቦታ በሰው ፊት አስከበረ። ታዳናጋ ከዓመታት በኋላ ግዛቱን ተቀምቶ ራሱን እንዲገድል ተደረገ። የበኩር ልጅ ይቅደም የሚለው ደንብ በሳሙራይ ቤቶች ሥር የሰደደው ከዚህ ወዲህ ነው፤ ጥበበኛ መርጦ ከመጋደል ሞኝ ቢሆንም የታወቀውን ማስቀመጥ ይሻላል የሚል ስሌት ነው። ኢዬያሱ በዚህ አልተወሰነም፤ የሾጉኑ ዘር ቢቋረጥ ወራሽ የሚቀዳባቸው ሦስት የቅርንጫፍ ቤቶች በኦዋሪ፣ በኪዪና በሚቶ በልጆቹ አቆመ። በ1716 ሾጉን የሆነው ዮሺሙኔ የመጣው ከኪዪ ነው።

ለቀሩት ጌቶች ነገሩ ጠበቀ። ወራሽ በሕይወት እያሉ ለሾጉኑ መንግሥት ማስመዝገብ ግድ ሆነ፤ በሞት አልጋ ላይ ሆኖ የማደጎ ልጅ መያዝም ተከለከለ። ሳያስመዘግብ የሞተ ጌታ ቤት ይፈርሳል፣ ግዛቱ ይወረሳል። ብዙ ትልልቅ ቤቶች በዚህ ጠፉ። የኢዬያሱ የገዛ ልጅ ታዳዮሺ እንኳ በ1607 ያለ ወራሽ ሲሞት ቤቱ ቀረ። አንድ ቤት በፈረሰ ቁጥር ደመወዛቸው የተቋረጠ ሎሌዎች ሰይፋቸውን ታጥቀው ጎዳና ይወጣሉ። በ1651 ኢዬሚትሱ ሞቶ ሕፃን ሾጉን ሲተካ፣ ዩዪ ሾሴትሱ የሚባል የጦር ትምህርት መምህር እንዲህ ያሉ ጌታ አልባ ሳሙራዮችን ሰብስቦ የሾጉኑን ከተማ ኤዶን (የዛሬዋን ቶኪዮ) ሊያቃጥል ሲያሤር ተደረሰበት። መንግሥቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ክልከላውን አላላ፦ ዕድሜው ከ17 እስከ 50 የሆነ ጌታ በሞት አፋፍ ላይ የማደጎ ልጅ መያዝ ተፈቀደለት።

ሕጉ እንዲህ ሲላላ በየቤቱ የማስመሰል ጥበብ አደገ። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ጌታ እንዳይቀደም ዕድሜው ተጨምሮ ይመዘገባል። ታማሚው ማመልከቻውን በገዛ ፈቃዱ ማተሙን የሚያይ ሹም ይላካል፤ ጊዜ እየቆየ ሲሄድ ግን ይህ ለወጉ ያህል ሆነ፤ ሹሙ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው ይተንፍስ አይተንፍስ አይመረምርም። የሞተ ጌታ ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ «በጠና ታሟል»።

ወደ ዮኔዛዋ ልመለስ። በ1664 ወጣቱ ጌታ ኡዌሱጊ ትሱናካትሱ ልጅም ሳይወልድ ወራሽም ሳያስመዘግብ ድንገት ሞተ። በሕጉ መሠረት ቤቱ አበቃለት። ያዳነው አማቱ ነው፤ የአይዙ ጌታና የሾጉን ኢዬሚትሱ የአባት ልጅ ወንድም የሆነው ሆሺና ማሳዩኪ ነገሩን በመንግሥት ዘንድ ያዘ። የትሱናካትሱ እህት ኪራ ዮሺናካ ለሚባል የሥነ ሥርዓት ሹም ተድራ የወለደችው ሕፃን ከአባቱ ቤት ወጥቶ የኡዌሱጊ ጌታ ተባለ፤ ቅጣቱ ግዛቱ በግማሽ ወደ 150,000 ኮኩ መቀነሱ ብቻ ሆነ። ኪራ አልጋ ወራሹን ለሌላ ቤት ሰጥቶ ሲያበቃ እርሱም ባዶ ቤት ቀረ፤ ስለዚህ ኋላ የዚያኑ ልጁን ልጅ መልሶ በማደጎ ወሰደ። የልጅ ልጁ ልጁ ሆነለት።

ይህ ኪራ አርባ ሰባቱ ሳሙራዮች በ1703 ጥር ቤቱን ሰብረው የገደሉት ሰው ነው። ያ ታሪክ የጀግንነትና የበቀል ተደርጎ ይነገራል፤ መነሻው ግን የውርስ ጉዳይ ነው። ጌታቸው አሳኖ ናጋኖሪ በ1701 በሾጉኑ ግንብ ውስጥ በኪራ ላይ ሰይፍ ስለመዘዘ ሞት ተፈርዶበት ቤቱ ፈረሰ። ወራሽ ተብሎ የተመዘገበ ታናሽ ወንድም ነበረው። የሎሌዎቹ አለቃ ኦይሺ ኩራኖሱኬ ከዓመት በላይ የደከመው በዚህ ወንድም ስም ቤቱ እንዲመለስ ነው፤ ወደ በቀል የተሸጋገሩት በ1702 ክረምት ላይ ወንድምየው ወደ ዘመዶቹ እንዲወሰድ ተፈርዶ ተስፋቸው ሲቆረጥ ነው። በ1710 ለወንድሙ 500 ኮኩ ተሰጥቶት ስሙ ተመለሰ፤ ለሎሌዎቹ ግን ዘገየ።

የኡዌሱጊ ቤት እንደ ቀድሞው ሎሌዎቹን ይዞ በግማሽ ገቢ ሲኖር መቶ ዓመት በዕዳ ተዘፈቀ። በ1760 ጌታው ሺጌሳዳ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በደቡብ ካለች ታካናቤ የምትባል ትንሽ ግዛት የጌታዋን ሁለተኛ ልጅ በማደጎ ወሰደ። ልጁ በእናቱ እናት በኩል ብቻ ኡዌሱጊን ይነካል። ኋላ ዮዛን ተብሎ የታወቀው ሃሩኖሪ ይህ ነው። በ1767 በ16 ዓመቱ ጌታ ሆነ፤ ጥጥ ለበሰ፣ የምግቡን ዓይነት ቀነሰ፣ የሎሌዎቹ ሚስቶች ሽመና እንዲይዙ አደረገ፣ መስኖ አስቆፈረ። በ1773 ሰባት የትልልቅ ቤቶች ሹማምንት አብረው ገብተው ከእንግዲህ አሠራርህን ተው ብለው አፋጠጡት። ከትንሽ ቤት የመጣ ልጅ ነው የሚል ንቀት ነበረበት። የጃፓን ሎሌዎች የማይረባ ጌታን ቤት ውስጥ ዘግተው «ታሟል» ብለው ወራሹን የማስቀመጥ ልማድ ስለነበራቸው ዛቻው ቀላል አልነበረም። ሃሩኖሪ የቀሩትን ሹማምንት ጠይቆ ድጋፋቸውን ካረጋገጠ በኋላ ከሰባቱ ሁለቱን ራሳቸውን እንዲገድሉ ፈረደባቸው።

የሚደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ሺጌሳዳ ከማደጎው በኋላ የሥጋ ልጆች ወልዶ ነበር። ሃሩኖሪ የራሱ ወንድ ልጅ እያለው ከእነዚህ አንዱን ሃሩሂሮን ወራሹ አደረገና በ1785፣ ገና በ30ዎቹ ዕድሜው፣ ሥልጣኑን አስረከበው። ሲያስረክብም ሦስት አንቀጽ ያላት አጭር ጽሑፍ ሰጠው፤ ግዛት ከአባቶች ወደ ልጆች የሚተላለፍ እንጂ የጌታው የግል ንብረት አይደለም፣ ሕዝቡም እንዲሁ፣ ጌታ ለግዛቱና ለሕዝቡ እንጂ እነርሱ ለጌታው አልቆሙም የምትል ናት።

ወራሽ ያልሆኑት ወንድሞችስ? በሰላሙ ዘመን አብዛኞቹ አይገደሉም፤ ይጠብቃሉ። ሌላ ቤት ወንድ ልጅ ሲያጣ ይወስዳቸዋል፤ ካልወሰዳቸው በወንድማቸው ግንብ ጥግ በጥቂት ቀለብ ያረጃሉ። ኢዪ ናኦሱኬ በሂኮኔ የጌታው 14ኛ ወንድ ልጅ ሆኖ በ1815 ተወለደ። አባቱ ሲሞት 300 ከረጢት ሩዝ በዓመት ተቆርጦለት ከግንቡ ውጭ ትንሽ ቤት ገባ። በ1834 ከታናሽ ወንድሙ ጋር ወደ ኤዶ ተወሰደ፤ ለማደጎ ሊታዩ ነው። ታናሹን የኖቤኦካ ጌታ ቤት መረጠው፤ ናኦሱኬ ተመለሰ። ለቤቱ «የተቀበረ እንጨት ቤት» የሚል ስም ሰጠና ዓመታቱን በሻይ ሥርዓት፣ በግጥም፣ ዜን በሚባለው የቡድሃ ተመስጦና በሰይፍ አሳለፈ። በ1846 የጌታው የታላቅ ወንድሙ ወራሽ የነበረው ሌላው ወንድሙ ሞተ። የቀሩት ሁሉ በየቤቱ ተበትነዋል፤ በቤቱ የቀረው ማንም ያልፈለገው ናኦሱኬ ነበር። በ30 ዓመቱ የወንድሙ የማደጎ ልጅ ሆነ፤ በ1850 የ350,000 ኮኩ ጌታ፣ በ1858 የመንግሥቱ ታላቅ ሚኒስትር።

ያገኘው የመጀመሪያ ከባድ ጉዳይም የውርስ ጉዳይ ነው። ሾጉን ኢዬሳዳ ታማሚ ነው፤ ልጅ የለውም። አንደኛው ወገን ለሥራ የደረሰውን ከሚቶ ቤት የተወለደውን ዮሺኖቡን ይፈልጋል፤ ሌላው ለሾጉኑ በሥጋ የሚቀርበውን የ12 ዓመቱን የኪዪ ልጅ። ናኦሱኬ ሕፃኑን አስመረጠ፤ ተቃዋሚዎቹን ከጌቶች ጀምሮ በቁም እስር፣ በግዞትና በሰይፍ ቀጣ። በ1860 መጋቢት 24 በረዶ በሚጥልበት ጧት ከሾጉኑ ግንብ የሳኩራዳ በር አጠገብ 17 የሚቶ ሰዎችና አንድ ሳትሱማ ከሚባል ግዛት የመጣ ሰው አጀቡን ሰብረው አንገቱን ቆረጡት።

ጌታ መንገድ ላይ እንዲህ ከተገደለና ወራሹ በወግ ካልጸና ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ የሂኮኔ ሎሌዎችም ሚቶን ሊወጉ ሊነሱ ነው። ስለዚህ ጌታው አልሞተም ተባለ። ጭንቅላቱን ገዳዩ ይዞት ሄዶ በሌላ ጌታ ደጅ ወድቆ ነበር፤ የናኦሱኬ ሰዎች ከሟች አጃቢዎች የአንዱ ነው ብለው አስመለሱት። የግዛቱ ሐኪም ከአንገቱ ጋር ሰፋው። በናኦሱኬ ስም ጉዳት ደርሶብኝ ወደ ቤት ተመልሻለሁ የሚል ማመልከቻ ለመንግሥት ገባ፤ ከሾጉኑ ቤትም ለታማሚው ማበርቻ ይሆነው ዘንድ ጂንሰንግ የሚባል የመድኃኒት ሥር ተላከለት። ማመልከቻውን ያስገቡትም መድኃኒቱን የላኩትም እውነቱን ያውቃሉ። የልጁ የናኦኖሪ ወራሽነት ከጸና በኋላ ናኦሱኬ «በሕመም» ሞተ፤ የመቃብር ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቀን ከተገደለበት ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ይዘገያል።

ያስመረጠው ሕፃን ሾጉን በ1866 ያለ ልጅ ሞቶ ቦታውን የያዘው ያው ዮሺኖቡ ነው፤ የመጨረሻው ሾጉን ሆነ። የሂኮኔ ቤት በ1862 ነፋሱ ሲዞር 100,000 ኮኩ ተቀንሶበታል። ከኢዬያሱ ዘመን ጀምሮ ከቶኩጋዋ ሎሌዎች ሁሉ ቀዳሚ የነበረው ይህ ቤት በ1868 ጦርነት ሎሌዎቹ ተመካክረው ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን ተሰለፈ፤ ወጣቱ ጌታ ናኦኖሪም አብሯቸው ሄደ።